ገመዱን መሳብ የመጨረሻው ሥራ ነው

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ቀደም ባለ እትማችሁ ስለ አሮጌ የሞተር መጋዞች የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ደግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በፊት ተሠርተው ዛሬ በየዕቃ ቤቱ አቧራ ለብሰው የተቀመጡ መጋዞች ለቁርጥራጭ ብረት ከሚሸጡ ቢጠገኑ እንደሚሻል ማስረዳታቸውን ከልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን አንባቢው አዲስ ነዳጅ ጨምሮ የማስነሻ ገመዱን እንዲስብና ሞተሩ ከተነሳ ጤነኛ መሆኑን እንዲያምን የሰጡት ምክር፣ ሊያድኑት የፈለጉትን ዕቃ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጠፋው የሚችል በመሆኑ ሳይታረም ማለፍ የለበትም። ለብዙ ዓመታት የቆመ የሞተር መጋዝ ገመዱ መሳብ ያለበት መጨረሻ ላይ፣ የውስጡ ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን የማውቀው አንድ ጥሩ ሞተር በገዛ እጄ አበላሽቼ ነው። ዕድሜያቸውን በእንጨት ቆረጣ ካሳለፉ አንድ አዛውንት በ1960ዎቹ የተሠራ መጋዝ ተረክቤ ነበር። መጋዙ ሃያ ዓመት ያህል ሳይነካ የተቀመጠ ቢሆንም ሲያዩት ምንም የጎደለው አይመስልም፤ ገመዱ ሲሳብ እጅን የሚይዝ ጠንካራ ግፊት ነበረው፤ ካንዴላውም ሰማያዊ ብልጭታ ይሰጥ ነበር። ቤንዚንና ዘይት ቀላቅዬ ሞላሁና ሳብኩት፤ በአራተኛው ተነሳ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አይረሳኝም። ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ግን ጣቴን ከጋዙ ላይ ባነሳም የሞተሩ ድምፅ እየቀጠነና እየፈጠነ ወደ ላይ ወጣ፤ እኔም ሞተሩ ሲሞቅ ጉልበት አገኘ ብዬ ዝም ብዬ አዳመጥኩት። ወዲያው ድምፁ ድንገት ተቋረጠ። ገመዱን ብስበው ንቅንቅ አላለም።

የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ፈትቼ በጭስ መውጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስመለከት፣ ፒስቶኑ በዚያ በኩል ከላይ እስከ ታች በግራጫ ጭረት ተተልትሏል፤ ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት፣ ፋሻውም፣ በቀለጠ አሉሚኒየም ተለስኖ ከተቀመጠበት ቦይ መላወስ አቅቶታል። ሞተሩን በሙሉ ስበትነው ጥፋቱ ፒስቶኑ በሚያዞረው ዘንግ (በክራንክሻፍቱ) ላይ፣ ቮላኖ የተባለው ከባድ መሽከርከሪያ ባለበት በኩል ካለው ኦይል ሲል ከሚባል የጎማ ማሸጊያ ሆኖ ተገኘ። ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ጠንክሮ ስለነበር በጥፍሬ ስነካው ጠርዙ ተፈረፈረ። ለአዛውንቱ የሆነውን ስነግራቸው «ልጄ፣ እኔ እኮ ጥቂት ወር እንኳ ቆሞ ከሰነበተ ሳልፈትሸው አላስነሳውም ነበር» አሉኝ። አልተቆጡኝም፤ ለመጋዙ ማዘናቸው ግን ከድምፃቸው ይሰማ ነበር።

አንዲት የጎማ ቀለበት ይህን ያህል ጥፋት የምታደርስበት ምክንያት የባለሁለት ምት ሞተርን አሠራር ለሚያውቅ ግልጽ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሞተር ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው የክራንክሻፍት ክፍል ባዶነት ይፈጥርና ነዳጅን ከአየር ጋር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ቅልቅሉን ይስባል፤ ፒስቶኑ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ቅልቅል ጨምቆ በሲሊንደሩ ጎን ባሉት መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይገፋዋል። የክራንክሻፍቱ ሁለት ጫፎች ከዚህ ክፍል በሚወጡበት ቦታ አየር እንዳይገባ የሚከለክሉት ኦይል ሲሎች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከደረቀ ሞተሩ ነዳጅ ያልነካው አየር ከውጭ ይስባል፤ ቅልቅሉ ይሳሳል፣ የቃጠሎው ሙቀት ይጨምራል። በተጨማሪም ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ነዳጁ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ሙቀቱ በጨመረበት በዚያው ሰዓት ማለስለሻውን ያጣል ማለት ነው። በጣም የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ በሚሆንበት ጊዜ ሞተሩ ለጀማሪ ጆሮ ከወትሮው የተሻለ እየሠራ መምሰሉ ነው። ጋዙ ተለቆ እያለ ፍጥነቱ የማይወርድ፣ በሚኒሞ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ሞተር ወዲያው መጥፋት አለበት።

ፍተሻው ከባድ አይደለም። ማርሚታው ይነሳና በፋና ብርሃን ፒስቶኑና ፋሻው በጭስ መውጫው በኩል ይታያሉ። ጭረቱ ያለበት ቦታም ታሪኩን ይናገራል፤ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሙቀት መብዛት ነው፣ በነዳጅ መግቢያው በኩል ከሆነ በአየር ማጣሪያው ያለፈ ቆሻሻ ነው፣ ዙሪያውን ከሆነ ደግሞ ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ተሞልቶ እንደነበር መጠርጠር ይገባል። ቀጥሎ ካርቡራተሩና ማርሚታው በነበሩበት ቦታ ቁራጭ ጎማ ተደርጎ ይታሰራል፤ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የግፊት መለኪያ (ማኖሜትር) ባለው የእጅ ፓምፕ ግማሽ ባር ያህል አየር ይገባና መርፌው ሳይወርድ መቆየቱ ይታያል። ከወረደ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ ሲቀባ አረፋው የሚያፈስበትን ቦታ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ፍተሻው በተቃራኒው፣ አየሩን ወደ ውጭ በመምጠጥም መደገም እንዳለበት ነው፤ የኦይል ሲል ከንፈር በግፊት ጊዜ ዘንጉን አጥብቆ ይይዝና በመምጠጥ ጊዜ ሊለቅ ይችላልና። የኔን መጋዝ ያኔ በዚህ መንገድ ፈትሼው ቢሆን ኖሮ ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅብኝም ነበር።

ኦይል ሲሉን ለመቀየር ቮላኖውን ማውጣት ግድ ነው፤ ብዙ አሮጌ መጋዞች የሚሰበሩትም እዚህ ላይ ነው። ፒስቶኑን ባለበት ለማቆም በካንዴላው ቀዳዳ ካቻቢቴ የሚያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ፤ የፒስቶኑን ራስ የሚበሳ ድርጊት ነው። ትክክለኛው ዘዴ ፒስቶኑ የጭስ መውጫውን አልፎ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ለስላሳ የጥጥ ገመድ በቀዳዳው አስገብቶ፣ ፒስቶኑ ገመዱን እየጨመቀ ራሱ እንዲቆም ማድረግ ነው። ዳዶው ከተፈታ በኋላ ቮላኖው በመንቀያ መሣሪያ ይወጣል እንጂ ክንፎቹ በመዶሻ መመታት የለባቸውም። በሌላው ጫፍ ያለው፣ የሞተሩን ጉልበት ለሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን በአብዛኞቹ መጋዞች የሚፈታው ወደ ቀኝ በማዞር መሆኑን ልብ ማለትም ያስፈልጋል፤ ይህን ባለማወቅ ሲያጠብቁ ቆይተው የዘንጉን ጥርስ የገፈፉ ጥቂት አይደሉም።

ካርቡራተሩም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ እነዚህን መጋዞች ማክበር የተማርኩት ከዚህ ታሪክ ነውና። የጀርመኑ አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው የቤንዚን መጋዝ 6 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው 46 ኪሎ ግራም ይመዝን ስለነበር ሁለት ሰው ይሸከመው ነበር። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ኮንትራ የተባለ መጋዝ ጉልበቱ ያው 6 ሆኖ ክብደቱ ወደ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ወርዶ ነበር፤ የማርሽ ሳጥኑም ቀርቶ ሰንሰለቱ በቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ይነዳ ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሁለት ሰው ሸክም በአንድ ሰው እጅ ገባ። የቀደሙት መጋዞች ነዳጃቸውን የሚለኩት በተንሳፋፊ ስለነበር ሞተሩ ከተጋደመ ይጠፋል፤ በመሆኑም ዛፍ ከሥሩ አግድም ለመቁረጥ ሞተሩ እንደቆመ የሰንሰለቱ መሪ ብረት ብቻ የሚዞርበት መገጣጠሚያ ይሠራላቸው ነበር። ይህን ችግር የፈታው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ባለዲያፍራም ካርቡራተር ነው። የክራንክሻፍቱ ክፍል ግፊት ከፍና ዝቅ ሲል አንዲት ስስ ሽፋን አብራ እየተርገበገበች ነዳጅ ትስባለች፤ ሌላዋ ደግሞ የመርፌ ቫልቩን እየከፈተችና እየዘጋች መጠኑን ትቆጣጠራለች። ሞተሩ ቢገለበጥም ሥራው አይቋረጥም።

እንግዲህ ያን ሁሉ ለውጥ ያመጣችው ሽፋን ናት ከዓመታት በኋላ የምትደርቀው። ጤነኛ ዲያፍራም በጣት ሲነኩት እንደ ዓይን ቆብ ይለሰልሳል፤ የደረቀው ሲታጠፍ እንደ ቅጠል ድምፅ ያሰማል። የደረቀ ዲያፍራም መርፌውን በሚገባ ስለማይከፍት ቅልቅሉ ይሳሳል፤ ውጤቱም ከኦይል ሲሉ ጉዳት ጋር አንድ ነው። ደግነቱ ቲሎትሰን ኤች ኤል የተባለው የካርቡራተር ቤተሰብ በብዙ ፋብሪካዎች መጋዞች ላይ ተገጥሞ የነበረ በመሆኑ የጥገና ዕቃዎቹ ዛሬም ይመረታሉ። ካርቡራተሩ ሲበተን ቀጫጭን ቀዳዳዎቹ በሽቦ መቆፈር የለባቸውም፤ መጠናቸው ከሰፋ መመለሻ የለውምና በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ብቻ ይጽዱ። የነዳጁ ቱቦና በቋቱ ውስጥ ያለው ማጣሪያም ሳይታዩ በግምት ይቀየሩ ብል አላጋነንኩም። በተለይ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ለእንዲህ ያለ ጥቅም ያልታሰቡትን የድሮ ጎማዎች ስለሚጎዳና እርጥበት ስለሚስብ፣ ሥራ ሲያበቃ ነዳጁን ከቋቱ ቀድቶ ሞተሩን በቀረው አሠርቶ መጨረስ ልማድ መሆን አለበት።

የነዳጁን ቅልቅል በተመለከተ የቀድሞዎቹ መመሪያዎች ለ16 ወይም ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይሉ ነበር፤ ይህ የዚያን ዘመን ዘይት ታስቦ የተጻፈ ነው። ለባለሁለት ምት ሞተር የሚዘጋጀው የዛሬው ዘይት የተሻለ ስለሆነ ያን ያህል መጨመር ካንዴላውንና ማርሚታውን በጥላሸት ይደፍናል። በሌላ በኩል ለአዳዲስ መጋዞች የሚሰጠውን 50 ለ1 መጠን ለአሮጌ ኩሽኔታዎች ማቅረብ ድፍረት ይመስለኛል። እኔ የምጠቀመው 32 ለ1 ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት መሆኑ ነው። እስካሁንም ምንም አልጎደለብኝም።

ስለ ብልጭታው ብዙ አልልም። አብዛኞቹ የዚያ ዘመን መጋዞች በቮላኖው ሥር ብልጭታው የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስን የብረት መገናኛ (ፑንቲና) እና ኮንደንሰር አላቸው፤ የፑንቲናው ፊት ያለ ሥራ ሲቀመጥ ስለሚዝግ በስስ ሞረድ ተነክቶ በንጹሕ ወረቀት መጠረግ አለበት። ክፍተቱ እንደ መጋዙ ዓይነት ከ0.35 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ደግሞ 0.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ገመዱ ይሳባል። ነዳጁን የሚመጥኑት የካርቡራተሩ ሁለት ቡሎኖች መጀመሪያ ከተዘጉበት አንድ አንድ ዙር ያህል ይከፈታሉ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የከፍተኛው ፍጥነት ቡሎን የሚስተካከለው በጆሮ ነው። ሰንሰለቱ ከእንጨት ውጭ ሆኖ ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ ድምፁ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ ጥርሱ እንጨት ውስጥ ሲገባ ያ መንተባተብ ይጠፋና ድምፁ ጥርት ይላል። ከእንጨት ውጭም ጥርት ካለ ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ይህን ልዩነት በጽሑፍ ማስተማር ያስቸግራል፤ አንድ ጊዜ የሰማው ሰው ግን አይስተውም።

ጸሐፊው ጨርሰው ያላነሱት ሰንሰለቱን ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮክስ የጥንዚዛ እጭ እንጨትን ግራና ቀኝ እየቦረቦረ ሲበላ ተመልክቶ ጥርሱን በዚያው አምሳል የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1947 በኦሪገን ግዛት ፋብሪካ ያቋቋመለት ሰንሰለት የዛሬዎቹ ሁሉ አባት ነው፤ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የሆኑት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ክብ በሆነ ሞረድ፣ ለ0.404 ኢንች ሰንሰለት በ5.5፣ ለ3/8 ኢንች በ5.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ብዙውን ጊዜ በ30 ዲግሪ ማዕዘን ከውስጥ ወደ ውጭ ይሞረዳል። የሁለቱ ወገን ጥርሶች ቁመታቸው ከተበላለጠ መጋዙ ቀጥ ብሎ አይቆርጥም። ከመጋዙ የሚወጣው ነገር ዱቄት ከሆነ ጥርሱ ደንዟል፤ ሰውየው በጉልበቱ እየገፋ ሞተሩን ያሞቀዋል፤ በዚህም ሁሉ የተደከመበት ጥገና ከንቱ ይሆናል። መሪ ብረቱም በየጊዜው እየተገለበጠ፣ ቦዩና የዘይት ቀዳዳው እየተጠረጉ መሠራት አለበት። ብዙዎቹ አሮጌ መጋዞች ለሰንሰለቱ ዘይት የሚሰጡት በአውራ ጣት በሚገፋ ፓምፕ በመሆኑ በየጥቂት ሰከንዱ መጫን የሠራተኛው ግዴታ ነው።

ስለ ውበትም አንድ ነገር ልበል። ጽሑፉ አካሉን በአሸዋ ግፊት አስጠርጎ አዲስ ቀለም መቀባትን ያበረታታል። የእነዚህ መጋዞች አካል በአብዛኛው ማግኒዥየም ስለሆነ አሸዋው ፊቱን ይበላዋል፣ አሲድም ያቃጥለዋል፣ ብናኙ ደግሞ በቀላሉ እሳት ይይዛል። በነጭ ጋዝና በብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገቡት የድሮ ማሸጊያዎች (ጓርኒሲዮኖች)ም አንዳንዶቹ አስቤስቶስ የነበረባቸው በመሆኑ ርሰው ቀስ ብለው ይፋቁ እንጂ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተጉ። እጀታው ላይ የሰው መዳፍ ለዓመታት ያነጣውን ቀለም መሸፈን ለእኔ ጥገና አይደለም፤ ያ ምልክት የሠራበት ሰው ፊርማ ነው።

በመጨረሻ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ በፊት የተሠሩት መጋዞች የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም፤ የብዙዎቹ እጀታም ከንዝረት የሚለይ ጎማ የለውም። የመሪው ብረት ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊት ይወረወራል፤ በአዲሱ መጋዝ ፍሬኑ ሰንሰለቱን ያቆመዋል፣ በአሮጌው ግን የሚያቆመው የለም። ለረጅም ጊዜ የዘለቀ ንዝረትም የደን ሠራተኞችን ጣቶች አንጥቶ እንደሚያደነዝዝ በሕክምና የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ የታደሰ አሮጌ መጋዝ መሬት ላይ በጽኑ የተቀመጠ ግንድ ለጥቂት ደቂቃ ለመቁረጥ እንጂ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት፣ ቅርንጫፍ ለመመልመል ወይም መሰላል ላይ ለመውጣት አይሆንም። የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ለሥራው የተዘጋጀ ሱሪና ጫማ ያላደረገ ሰው ከነጭራሹ ባይነካው ይሻላል። የጽሑፉ ጸሐፊ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋቸው አሳዝኖኛል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ያን ጽሑፍ ያነበበ ሰው በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኑ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ የአባቱን መጋዝ ማውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ቢያንስ ማርሚታውን አንስቶ ፒስቶኑን እንዲያይ፣ ኦይል ሲሉንና ዲያፍራሙን ሳይፈትሽ ገመዱን እንዳይስብ የሚያሳስብ አጭር ማስተካከያ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ